ሁለት አፍ ያለው አፎት

ሀሚዱን አግ ኤክያ ግመሉን ሳያንበረክክ ከኮርቻው ዘሎ ወረደ። እንስሳው እያጉረመረመ በቱማ ድንኳን ፊት ተንገዳገደና ሊፋቅ የተወጠረውን የፍየል ቆዳ ረግጦ ከነችካሉ ነቀለው። ቱማ መፋቂያዋን እንደያዘች ቀና አለች እንጂ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሃምሳን ያለፈች የአንጥረኛ ሚስት ናት። ለሀሚዱን ቤት ባላባቶች ብረቱን ባሏ ሪሳ ይቀጠቅጣል፣ ቆዳውን እሷ ትሰፋለች፤ እናቷና አያቷም ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነው። ባላባት በተቆጣ ቁጥር ብድግ ቁጭ ማለት ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ ነው ብላ ታምናለች።

«አራት ቀን የለፋሁበት ቆዳ ነው» አለችው። «ግመልህ ዓይን የለውም? ወይስ ጌታው ሲታወር አብሮ ይታወራል?»

«ምላስሽን ሰብስቢና ይኸን እዪ።»

ከሰማያዊው ቀሚሱ እጅጌ ሁለት ነገር አወጣና ምንጣፏ ላይ ወረወረ። አንዱ የክንድ ጩቤው ነው፣ ከነአፎቱ። አፎቱን አላጣችውም። የዛሬ ሰባት ዓመት ሀሚዱን ፊቱን በጥምጥም ሸፍኖ ከወንዶች የተቆጠረ ዕለት ራሷ ሰፍታ ክንዱ ላይ ያጠለቀችለት ነው። ቀዩ ቆዳ በላብ ጠቁሯል፣ ስፌቱ ግን አንድም ቦታ አልላላም። ሁለተኛው በጨርቅ የተጠቀለለ ነበር። ስትፈታው አንድ ስንዝር የምትሆን ቀጭን ስለት ወጣች፤ ከተሰበረ ሰይፍ ጫፍ የተሳለች፣ መስቀለኛ እጀታ የሌላት፣ ጭራዋ ብቻ በቆዳ የተጠመጠመ። ባላባት ብረትን በባዶ እጁ አይነካም። ያን ጭራ የጠመጠመው ማን እንደሆነ ባታውቅም ሪሳ አለመሆኑን አወቀች፤ የእሱ እጅ እንዲህ ያለ ነውረኛ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

«ለሁለቱም አንድ አፎት ትሰፊያለሽ» አለ ሀሚዱን። «ላዩ የተለመደው ይሁን። ከሥሩ፣ ክንዴ ላይ በሚያርፈው በኩል፣ ሁለተኛ አፍ ይኑረው። ጌጡ ስፌቱን ይደብቅልኝ። ነገ ፀሐይ ሳትወጣ እወስደዋለሁ።»

ቱማ መፋቂያዋን አስቀመጠች።

ነገ የእርቅ ቀን ነው። በኢናዛር ጉድጓድ የተነሳ የሀሚዱን ቤትና የሽማግሌው የአጋሊ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲገዳደሉ ኖረዋል፤ ነገ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ይቀመጣሉ። የዚህ አገር እርቅ ደግሞ ወግ አለው። እያንዳንዱ ወንድ ሰይፉንና ጦሩን ከግመሉ ጋር ትቶ፣ የክንድ ጩቤውን መዝዞ ለአስታራቂው አንጥረኛ ያስረክባል፤ ባዶውን አፎት ግን ከክንዱ አያወልቅም፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሁሉም እያየው ይውላል። ባዶ አፎት የወንድ ቃል ነው። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ አለቆች፣ ሀሚዱንና አጋሊ፣ ከአንድ ሳህን በቀኝ እጃቸው ይበላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለፈው ደም አይነሳም። አስታራቂው አንገቱን መያዣ አድርጎ በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። አንዱ ወገን ቢከዳ የመጀመሪያው ሰይፍ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

የነገው አስታራቂ ሪሳ ነው። ከአጋሊ ሰፈር ከገባ ሦስተኛ ቀኑ።

«ሪሳ መሃል ነው የሚቀመጠው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንገቱን አስይዟል።»

«ወንድሜስ ለማን አስይዞ ነበር?» የሀሚዱን ድምፅ ከጥምጥሙ ሥር ሻከረ። «ውሃ ሊቀዳ ጎንበስ ባለበት ነው ከጀርባው የወጉት። ያ ሽማግሌ አሁን የካሳ ግመል ነድቶ መጥቶ ‹በቃን› ሲለኝ እኔ አብሬው ገንፎ ልብላ?»

«ወንድምህን እኔም አልቅሼለታለሁ። የእሱንም አፎት የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ከነአፎቱ ነው የቀበራችሁት። ብቀላ ካማረህ ሰይፍህን ያዝና በጠራራ ፀሐይ ሂድበት። ምን በባዶ አፎት ያሸሽግሃል?»

«እኔን ልታስተምሪ ነው?»

«ማን ያስተምርህ? በእኛ ሙያ አንድ አፎት አንድ አፍ ነው ያለው። እናቴ ሁለት አፍ ሰፍታ አታውቅም፣ አያቴም አልሰፋችም።»

«ባለ እጅ ደግሞ ሕግ አላት!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አጭርና ደረቅ ነበር። «ስሚኝ። ብትሰፊ ሰፋሽ። እምቢ ካልሽ ሌላ ሴት አላጣም፤ አንቺ ግን ከዚህ ድንኳን ጋር ትነጃለሽ። ወደዚያ ሰፈር ቃል ልላክ ብትዪ ደግሞ፣ መርዙግ ከደጅሽ አይነቃነቅም።»

መርዙግ ቀድሞውንም ከግመሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ የሀሚዱን ቤት ግመል ጠባቂ፣ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ ሰው። ጦሩን መሬት ላይ ሰክቶ ጥላ ፈለገና ተቀመጠ።

ቱማ አሰበች። እሷ እምቢ ብትል ስለቷን በእጅጌው ደብቆም ቢሆን ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሪሳ አንገት ከእጇ ውጭ ይሆናል። አፎቱን ራሷ ከሰፋችው ግን ቢያንስ አንድ ነገር በእጇ አለ። ምን እንደሆነ ገና አላወቀችም። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው በአንድ ቀልቃላ ጎረምሳ ቂም ሊታረድ ነው።

«ክንድህን አምጣ» አለች።

ግራ ክንዱን ዘረጋ። ከአንጓው እስከ ክርኑ፣ ቀጥሎም ዙሪያውን በገመድ ለክታ ቋጠሮ ቋጠረች። እጅ የሚያልፍበትን የቆዳ ቀለበት ስትለካ ሀሚዱን ራሱ ገመዱን ይዞ አጠበበው።

«ጥብቅ ይበል። ሁለተኛዋን ስመዝዛት አፎቱ አብሮ እንዳይሄድ።»

«ጥብቅ ይልልሃል» አለችው ቱማ።

ሀሚዱን ሲሄድ አሮጌውን አፎት «ጣይው» ብሎ በእግሩ ገፋ አደረገው። አልጣለችውም፤ ከምንጣፉ ሥር ከተተችው።

አፎት የሚሰፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። መጀመሪያ ጥሬ ቆዳ ተነክሮ ከእንጨት በተጠረበ ስለት ላይ ይታጠፋል፤ እንጨቱ ከብረቱ በአንድ ጥፍር ያህል ይወፍራል። ሁለት ቀን ጥላ ሥር ሲደርቅ እንጨቱን ይመስላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የለፋው ቀይ ቆዳ የሚለብሰው። አፎቱ ለባለቤቱ ሲሰጥም ከእንጨቱ ጋር ይሰጣል። ሰፊዋ «ሰባት ቀን እንጨቱ ላይ ይደር» ማለት አለባት፤ ቆዳ መጨረሻ ላይ የያዘውን ነገር አይረሳምና። ይህን ሳትናገር ሥራዋን ያስረከበች ሴት ሰረቀች ይባላል። ሀሚዱን የሰጣት አንድ ቀን ብቻ ነው። አንድ ቀን ለማንም አይበቃም፤ እሱ ግን ይህን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም። ባላባት አፎት ያጠልቃል እንጂ አፎት አያውቅም።

የቆዳ ቅርጫቷን ጎትታ ከፈተች። ሁለት ጥሬ ቆዳ ነበራት። አንዱ የፍየል ሆድ ነው፤ ለስላሳ፣ ሲደርቅ ብዙም የማይሸበሸብ፣ ለአፎት የሚሆን። ሌላው የግመል ግልገል አንገት ነው። ይኸኛው ለኮርቻ ማሰሪያ ይውላል፤ እርጥቡን አስረውት ፀሐይ ላይ ሲተዉት ይሰበሰብና እንጨትና እንጨትን እንደ አንድ አካል አጣብቆ ይይዛል። ካልቆረጡት በቀር አይፈታም።

ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሰፍታለች። በሥራዋ የተቆረጠ ጣት፣ የወደቀ ጩቤ የለም። አሁን እያወቀች መጥፎ ሥራ ልትሠራ ነው፤ ይህ ከድንኳኗ መቃጠል ባልተናነሰ አንጀቷን አሳረራት። ከዚያ የፍየሉን ሆድ ለላይኛው ጩቤ አስቀመጠችና የግመሉን አንገት ለታችኛው ነከረችው። ከዚያው ቀጭን ጠፍር ቆርጣም ለአንጓው ቀለበት አዘጋጀች።

ከደጅ መርዙግ አንገቱን ሰገግ አደረገ።

«እማ ቱማ፣ እሱ የኮርቻ ጠፍር አይደለም እንዴ?»

ቱማ ቆዳውን ወደ ውሃው ደፈቀችው። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰፊ የሆንከው? ግመል ኋላ ስትሄድ አፍንጫህ ጠፍቷል ስል ዓይንህ ግን ተርፎ ኖሯል።»

መርዙግ አልሳቀም። ከነከረችበት ገንዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየ። አምና በኢናዛር ውጊያ ሁለት ጣቱን ጥሏል፤ ነገም ጠቡ ቢነሳ ከፊት የሚሰለፈው እሱ ነው፤ ግጥም የሚገጠምለት ግን ሌላ ነው።

«እኔ የግመል ሰው ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ስለ አፎት ምን አውቃለሁ?» ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረና እስኪመሽ መልሶ ወደ እሷ አላየም።

ቱማ ሰፋች። ወስፌዋ ሲገባና ሲወጣ፣ ጅማቱ ሲሳብ፣ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ታችኛውን ኪስ በቀጭኗ ስለት ልክ አደረገችው፤ በእንጨት ልክ አይደለም፣ የምትላወስበት የጥፍር ታህል ቦታ አልተወችም። አፉ ላይ ብቻ የፍየል ቅቤ ቀባችለት። ቀዩን ቆዳ ስታለብሰው ግን ሌላ ሴት ሆነች። በደነዘዘ ብረት መስመር በመስመር ላይ ተጭና አሰመረች፤ በትንሿ ቢላዋ የቀዩን ገጽ እየላጠች ነጩን አወጣች፤ ከደቡብ ነጋዴዎች የገዛችውን አረንጓዴ ቆዳ በጠባብ ጠባቡ ቆርጣ ከሥሩ ሰካች። የሁለተኛው አፍ ስፌት በመስመሮቹ መካከል ጠፋ። ከሰፋቻቸው አፎቶች ሁሉ ይህን ያህል ያማረ አልነበረም። መታዘዟ ሳይሆን ማማሩ አናደዳት፤ እጇ ክፉ ሥራ ላይም ጥበቡን አልቆጥብ ብሏት ነበርና።

ጎህ ሲቀድ ሀሚዱን መጣ። በሰማያዊ ጥምጥሙ ላይ የጨርቁ ቀለም ገና ያንጸባርቃል፣ ሰይፉ በትከሻው ተንጠልጥሏል። አፎቱን አገላብጦ አየና ክንዱ ላይ አጠለቀው። ትልቁን ጩቤ ከተተ፣ መዘዘ። ቀጭኗን ከሥር ሰደዳት፣ መዘዛት፤ እርጥቡ ቆዳ እንደ ዓሣ አሾለካት። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቱንም ጊዜ ያለ ድምፅ ወጣች።

«እጅ አለሽ» አለ። «አፍሽን ባይጨምርበት።»

ቱማ ያን ጊዜ ተነስታ ቆመችና ጀመረችው።

«አዎ አፍ አለኝ! አባትህ በዚህ አፌ ሲሰደብ ኖሮ ሲሞት ‹ቱማን ጥሩልኝ› ነው ያለው። አንተ ግን ምንህ ያባትህን ይመስላል? እሱ ሰው የሚገጥመው ፊት ለፊት ነበር፣ አንተ ከክንድህ በታች ሌባ ታሳድራለህ። እናትህ ወተት አነሳት መሰለኝ! ደግሞ ስማኝ፣ ይህ አፎት ውስጡ እርጥብ ነው፣ አልደረቀም። ብረት አይግባበት፣ ሰባት ቀን እንጨቱ ላይ ይደር፣ ፀሐይም አይንካው። እንጨቱ ይኸውልህ። ሰባት ቀን መታገስ ካቃተህማ ምን ይደረጋል፣ ስትወለድም ቸኩለህ ነው በመንገድ የተወለድከው፤ አዋላጇ እኔ ነበርኩ፣ ያን ቀን እጄ ተቆርጦ በቀረ!»

ሀሚዱን ሳቀ፤ አብረውት የመጡት ሁለቱ ባላባቶችም ሳቁ። ባለ እጅ ስትሳደብ መሳቅ የአገሩ ደንብ ነው፤ የሚያዳምጣት ራሱን ያዋርዳል። የተቀበለውን የእንጨት ስለት ወደ አመዱ ወረወረና ግመሉን ቀሰቀሰ።

ቱማ እንጨቱን ከአመዱ አንስታ አራገፈችው። ቢሰማት ኖሮ ስለቷን ድንኳኑ ውስጥ ትቷት ይሄድ ነበር። ካልሰማት ደግሞ ስለቷ ትተወዋለች። ያለባትን ተናግራለች፤ ሰረቀች የሚላት የለም። አሮጌውን አፎት ከምንጣፉ ሥር አውጥታ ከእንጨቱ ጋር በብብቷ አደረገችና ሳህኑን ለመሸከም ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተከትላ ሄደች። በእርቅ ቀን ሳህኑን የምታቀርበው የአስታራቂው ሚስት ናት። ከመሄዷ በፊት ግን ድንኳኗን አፍርሳ፣ ዕቃዋን በሁለቱ አህዮች ላይ ጫነች። መርዙግ ሳይጠየቅ ገመዱን ያዘላት።

ከግራሩ ሥር ሃያ ሃያ ሰዎች ትይዩ ተቀምጠዋል። አጋሊ አንድ ዓይኑ ሞራ የለበሰ ጎባጣ ሽማግሌ ነው፤ የክንድ ጩቤውን መጀመሪያ የመዘዘው እሱ ነበር። ሀሚዱን ቀጥሎ መዘዘ። ሪሳ የሁሉንም እየተቀበለ በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ደረደረ። ቱማን ባየ ጊዜ ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ፤ ሦስት ቀን ሳያያት ሰንብቶ ሰላምታው ይኸው ነበር። ምንም አያውቅም። ለአዲሱ አፎት ውበት ግን አንድ ጊዜ ዓይኑን ጣል አድርጎ ሚስቱን በኩራት አያት። ያ ኩራት ቱማን ከፍርሃቱ ይልቅ አሳመማት።

ንግግሩ ረዘመ። ስንቱ ሰው እንደሞተ፣ ማን የማን የአክስት ልጅ እንደነበረ፣ ጉድጓዱን መጀመሪያ የቆፈረው ማን እንደሆነ ተነገረ። ፀሐይ ከፍ አለች። የግራሩ ጥላ ቀስ እያለ ሸሸና ሀሚዱንን ፀሐይ ላይ ተወው። ባላባት በጉባኤ መካከል ጥላ ተከትሎ አይነቃነቅም፤ ሙቀት የሚያስነሳው ባሪያን ነው ይባላል። ቀጥ ብሎ፣ ግራ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ቱማ ከእሳቱ አጠገብ ማሽላውን እየወቀጠች ከዚያ ክንድ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። አንድ ጊዜ ጣቶቹን ሲዘረጋና ሲጨብጥ አየችው። ቆየት ብሎ ደግሞ ደገመው።

እኩለ ቀን ሆነ። ማሽላውን ከቴምርና ከግመል ወተት ጋር ለውሳ ሳህኑን አነሳች። በሁለቱ ሰልፍ መካከል አልፋ ሪሳ ፊት አስቀመጠችው፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብቻ ሸሸች። ከዚያ በላይ መሸሽ አልቻለችም።

አጋሊ ቀኝ እጁን ለመዘርጋት ጎንበስ አለ። የማያየው ዓይኑ በሀሚዱን በኩል ነበር፤ ጎባጣ አንገቱ ከጥምጥሙ ወጥቶ ተራቆተ።

የሀሚዱን ቀኝ እጅ ወደ ሳህኑ አልሄደም። በግራ እጅጌው ሥር ገባ። ቱማ ትከሻው ሲወጠር አየች። ሳበ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሳበ፤ አሁን ክርኑ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። አፎቱ ግን ስለቷን አልለቀቀም።

ሪሳ አየ። ሠላሳ ዓመት ብረት የቀጠቀጠ ሰው ባዶ አፎት የሚስብ እጅና ስለት የሚስብ እጅ ይለያል። ዓይኑ ከዚያ እጅ ተነስቶ ወደ ሚስቱ ሄደ፤ ፊቷን አነበበ፤ ደም ከፊቱ ሲሸሽ አየችው። አሁን አንድ ቃል ቢወጣው ከሁለቱም ወገን ማንም በሕይወት አይነሳም። ከአጋሊ ሰዎች አንዱ አንገቱን ማዞር ጀምሮ ነበር።

ሪሳ ሰፊ እጁን ዘርግቶ በሀሚዱን ክንድ ላይ ጣለው።

«ጌታዬ፣ አዲስ አፎት ክንድ ያሳክካል፣ አውቃለሁ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «የሚስቴ እጅ ከባድ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታክኬያለሁ፣ ማንም አላዘነልኝም። ቀኝ እጅህን ግን ሳህኑ እየጠበቀው ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። አጋሊም በጥርስ አልባ አፉ ሳቀ። ሀሚዱን በዚያ ሳቅ መካከል ቀረ፤ እጁን እጅጌው ውስጥ ቢያቆየው የሚያክክ ጅል ነው፣ አውጥቶ ካልበላ ከዳተኛ ነው። የሪሳ መዳፍ ከክንዱ ላይ አልተነሳም። በመጨረሻ ቀኝ እጁ ባዶውን ወጣ፤ ሳህኑ ላይ ደረሰ፤ ከአጋሊ ጣቶች አጠገብ አንድ ጉርሻ ቆነጠረ። ከጥምጥሙ ሥር ሲያላምጠው ቱማ አየች። የኢናዛር ደም በዚያች ጉርሻ ተዘጋ።

ጥቂት ቆይቶ ሀሚዱን ከተንበረከኩት ግመሎች ኋላ መጣባት። ግራ እጁ አብጦ ጠቁሯል፣ ጣቶቹ አይታጠፉም። የአንጓው ቀለበት ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

«ቁረጪው» አለ።

«እጄ ከባድ ነው ሲባል አልሰማህም?»

«ቁረጪው ነው የምልሽ! በማንም ፊት ላወጣው አልችልም።»

የቆዳ ቢላዋዋን አወጣች። ክንዱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስለቱን በቀለበቱና በቆዳው መካከል ሰደደች። የደም ሥሩ ከቢላዋው ጀርባ ሥር ሲመታ ተሰማት። ስለቱን ገልብጣ ልትጫነው ፈለገች፤ ይህን ከራሷ አልደበቀችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ሪሳ ከአጠገብህ ሲወድቅ ዓይንህን ወዴት ልታደርገው ነበር?»

ሀሚዱን ወደ ግራሩ ዞሮ አየ። ሊዋሽ እየሞከረ እንዳልሆነ ታያት።

«አላሰብኩበትም» አለ።

ጥላቻ ጠብቃ ነበር፤ ጥላቻን ትችለዋለች። ይኸኛውን ግን የት እንደምታስቀምጠው አጣች። ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ሪሳ በዚህ ሰው ሐሳብ ውስጥ እንኳ ቦታ አልነበረውም። ቢላዋውን ወደ ላይ ሳበችው። ቀለበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲበጠስ ሀሚዱን ጥርሱን ነከሰ፤ አፎቱ ከነስለቱ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሊያነሳው እጁን ሲሰድ ሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ይኸ የእኔ ብልሹ ሥራ ነው። ባለ እጅ ብልሹ ሥራዋን መልሳ ትሰበስባለች።»

«ሆን ብለሽ ነው።»

«ነግሬህ ነበር።»

«መቼ?»

«ስትስቅ።»

ከብብቷ የእንጨቱን ስለት አውጥታ አሳየችው። ሀሚዱን እንጨቱን፣ ከዚያ እሷን አየ፤ ዓይኑ ብቻ በሚታየው ፊቱ ላይ ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ታየ።

«ከእንግዲህ ለቤቴ አትሰፊም። ባልሽም አይቀጠቅጥም። ድንኳንሽን ከሰፈሬ ታነሻለሽ።»

«አህዮቹን ከጠዋት ጭኜ ነው የመጣሁት» አለች ቱማ። አያቷ የተቀበረችበትን ሸለቆ መልቀቋ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባትና ድምፅዋ ተሰበረ፤ አልሸሸገችውም።

ሀሚዱን ሊሄድ ዞረ። ከዚያ ራቁቱን ክንዱን አየና ቆመ። ከግራሩ ሥር አርባ ሰው ባዶ አፎት በክንዱ ይዞ ተቀምጧል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም ይቀመጣል። አፎት የሌለው ክንድ ይዞ ቢገባ የት ጣልከው ይባላል።

ቱማ አሮጌውን አፎት ከብብቷ አወጣች፤ በላብ የጠቆረውን፣ ስፌቱ ያልላላውን። እጁን ያዘችና ባበጡት ጣቶቹ ላይ አጠለቀችው። አመመው፣ አቃሰተ፤ አላዘገመችለትም። እስከ አንጓው አድርሳ ልክ እንደዛሬ ሰባት ዓመቱ አስተካክላ አሰረችለት።

«አሁን ባዶ ነው» አለችው። «ሂድና ተቀመጥ።»